የጀልባ ሞተር መቀመጫ አቀያየር፦ ለአዋሽ ሸለቆ ጀልባ ጠባቂዎች

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዋሽ ከሸዋ ደጋ የሰበሰበውን ይዞ ይወርዳል፤ የሚሌና የሎጊያ ወንዞች ደግሞ የወሎን ውሃ ይጨምሩበታል። ውሃው ከአሚባራና ከገዋኔ ጀምሮ እስከ ዱብቲ፣ አሳይታና አፋምቦ ያለውን ሜዳ ሲያለብስ፣ ትናንት መኪና የሄደበት መንገድ በጀልባ ካልሆነ አይታለፍም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ የተከበቡ ሰዎችን ለማውጣት ጀልባም ሄሊኮፕተርም ተሰማርተው ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ጀልባ ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ የወረዳ አደጋ መከላከል ሠራተኛ ይሁን፣ በተንዳሆ ግድብ ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግር ይሁን፣ ወይም ሎጊያ ከተማ ላይ የጭነት መኪና ሲጠግን ውሎ አንድ ቀን «ይችን የጀልባ ሞተር እሰርልን» የሚባል መካኒክ።

ሞተሩን ትቼ ስለ መቀመጫው የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሲታመም ያስታውቃል፤ ያጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ አልነሳም ይላል። መቀመጫው ግን ዝም ብሎ ይበሰብሳል። በአፋር ደግሞ ጥፋቱን የሚጀምረው ፀሐዩ ነው። ጀልባው ጎርፍ ላይ የሚሠራው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሞተሩን ኋላው ላይ እንዳንጠለጠለ ግቢ ውስጥ ይከርማል። ሰመራ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። እንጨቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ማሸጊያው ይጠነክርና ከብሎኑ ይላቀቃል፤ ፕላስቲኩ ይፈረካከሳል። ነሐሴ ላይ ጀልባው ውሃ ሲገባ ያ ስንጥቅ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያም ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። ስለዚህ ሥራው ሰኔ ሳያልቅ ይለቅ። ጎርፉ ከገባ በኋላ ማሸጊያው እስኪደርቅ የሚጠብቅልዎ የለም።

መቀመጫው ምን ይሸከማል?

ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር 36 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 40 የፈረስ ጉልበቱ ከ70 ኪሎ ይበልጣል። ክብደቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ከመቀመጫው ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ የሞተሩ እግር እንደ ድጅኖ ይሠራል፦ ወደፊት ሲኬድ የመያዣው ታችኛ ጠርዝ የጀልባውን የኋላ ግድግዳ ይጫናል፣ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች የሚለጠጡት፣ ከታች ያለው እንጨት የሚደቀቀው በዚህ ነው። መቀመጫ ሲመረምሩ ዓይንዎ መጀመሪያ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ይረፍ።

በጎርፍ ውሃ ላይ ሌላም አለ። አዋሽ ሲሞላ የፕሮሶፒስ ግንድ፣ የአጥር እንጨት፣ የሽቦ ጥቅልል ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ጭቃ ስለሆነ ከስሩ ያለው አይታይም። ሞተሩ ግንድ ሲመታ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተመልሶም በመቀመጫው ላይ ይወድቃል። ያንን ምት የሚቀበሉት እነዚሁ ብሎኖች ናቸው።

ጀልባዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በፋይበር የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ግድግዳቸው በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለው። በአሉሚኒየምና በላሜራ የተበየዱት ሞተሩ የሚነክሰው የእንጨት ሳንቃ በውስጥና በውጭ ይለጠፍባቸዋል። በአየር የሚነፉት ደግሞ ከጎማው ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ሰሌዳ አላቸው። ትንንሽ ሞተሮች በሁለት የእጅ ማጥበቂያ ቪቴ ብቻ ይነክሳሉ፤ ትልልቆቹ ግድግዳውን አልፎ በሚሄድ ብሎን ይታሰራሉ። እኔ የምመክረው ትንሹም ቢሆን ቀዳዳው እስካለው ድረስ በብሎን እንዲታሰር ነው። በእጅ የጠበቀ ቪቴ በንዝረት ይላላል፣ የሞላ ወንዝ ላይ ደግሞ ቆሞ የሚያጠብቅ ሰው አይኖርም።

ምርመራው

ጀልባው የብስ ላይ እንዳለ፣ ማለዳ፣ ብረቱ እጅ ሳያቃጥል ይጀምሩ። የሞተሩን ራስ በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን ይነቅንቁት። ሌላ ሰው ጣቱን በመያዣውና በግድግዳው መገናኛ ላይ ያድርግ። መያዣው በግድግዳው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ነገሩ የብሎን ወይም የሳንቃ ነው። ግድግዳው ራሱ አብሮ የሚታጠፍ ከሆነ ግን ሳንቃ መቀየር ብቻውን አይረዳዎትም፤ ውስጡ ያለው እንጨት አልቋል።

ከዚያ መዶሻ ይዘው፣ በእጀታው ጫፍ፣ ግድግዳውን ከዳር ወደ መካከል እየተጠጉ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም ከፋይበሩ የተላቀቀው ድፍን ያለ ነው። ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በጠመኔ ያስምሩት። በብሎኖቹ ዙሪያ የዝገት ዕንባ ወርዶ ከሆነ፣ ወይም ቡናማ ውሃ ያንጠባጠበ ምልክት ካለ፣ ከላይኛው ብሎን ስር በውስጥ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ፑንታው የሚያወጣውን ፍርፋሪ መዳፍዎ ላይ ይቀበሉት። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እንጨቱ ጤነኛ ነው። ጠቆር ያለ፣ ሲጨብጡት የሚጣበቅ፣ የሻገተ የሚሸት ከሆነ ውሃ ገብቷል። ፑንታው የውጩን ፋይበር ሳያልፍ ይቁም፤ ቀዳዳውንም በኋላ በኤፖክሲ ይደፍኑታል።

በጠመኔ የተሰመረው ቦታ ከመያዣው ዙሪያ ከአንድ መዳፍ በላይ ከሰፋ፣ ሥራው የመቀመጫ ቅያሪ መሆኑ ቀርቶ የግድግዳ ጥገና ይሆናል። የውስጡ ፋይበር ተቆርጦ፣ የበሰበሰው እንጨት ወጥቶ፣ አዲስ ገብቶ እንደገና በፋይበር ይሸፈናል። ያን ከዚህ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ሰው ለብቻው ባይጀምረው ይሻላል፤ ባሕር ዳር ላይ የጣና ጀልባዎችን ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያዎች አሉ፣ እነሱን መጠየቅ አያሳፍርም።

ሞተሩን ሳያወርዱ አንድ ልኬት ይውሰዱ። የጀልባ ሞተር እግር ርዝመት በሦስት ዓይነት ይመጣል፦ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51፣ በጣም ረጅሙ 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የጀልባው የኋላ ግድግዳ ቁመት ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው አግድም ሰሌዳ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ቢበዛ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይገባዋል። አሁን የት እንዳለ ለክተው ይጻፉት። አዲሱ ሳንቃ ከአሮጌው በሦስት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ቢያንስ ደግሞ እግሩ ጭቃ ያርሳል። ውሃው ጥልቀት የለውም ብሎ ሞተሩን በሳንቃ ከፍ ማድረግ ትክክል አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን የጥልቀት ማስተካከያ ቀዳዳ ሞተሩ ራሱ ላይ አለ።

ዕቃ ፍለጋ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና ዕቃ ሞልቷል፣ የጀልባ ዕቃ ግን የለም። ስለዚህ ለግንባታና ለመኪና ከሚሸጠው መካከል የሚሆነውን መምረጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለሳንቃው የሚሻለው ኮምፔንሳቶ ነው። የግንባታ ዕቃ መደብር «ማሪን» ብሎ የሚሸጠው፣ ፊቱ ቡናማ ወይም ጥቁር አንጸባራቂ የሆነው፣ ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የተሠራ ነው። ማጣበቂያው ብዙ ጊዜ ውሃ ይችላል፤ ችግሩ የውስጡ ንጣፍ ክፍተት ሊኖረው መቻሉ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ በንጣፎቹ መካከል ቀዳዳ ካዩ ሌላ ይጠይቁ። ከዚያ የሦስት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ለምነው ይውሰዱና ድስት ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ያፍሉት። ሲወጣ ንጣፎቹ ከተላቀቁ ያ ኮምፔንሳቶ ለጀልባ አይሆንም። ይህ ፈተና ከማንኛውም ማኅተም ይበልጣል።

ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሁለት ቁራጭ በኤፖክሲ ሲጣበቅ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሞተርዎ መያዣ አፍ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀበል አስቀድመው ይለኩ። ሲያጣብቁ በሚገናኙት ፊቶች ላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት እስኪነሳ ይፈግ፤ ካልሆነ ኤፖክሲው የሚይዘው ሽፋኑን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ኮምፔንሳቶ ከጠፋ የደረቀ የዋንዛ ወይም የጥድ ጣውላ ይሠራል። ባሕር ዛፍን አልመክርም፤ በሰመራ ድርቀት ይጠማዘዛል፣ ይተረተራል።

ብሎን የማይዝግ ብረት ይሁን። ራሱ ላይ ኤ2 ወይም ኤ4 የሚል ጽሑፍ ካለው ይኸው ነው፤ ማግኔት ሲያስጠጉበት አጥብቆ የሚስብ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለትንሽ ሞተር ባለ 10፣ ለትልቁ ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ ዞሮ ዞሮ የሞተሩ መያዣ ቀዳዳ የሚቀበለውን ያህል። ርዝመቱ ሁሉን አልፎ ከዳዶው ውጪ ሁለት ሦስት ጥርስ የሚያሳይ ይሁን። ዳዶው በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዓይነት ነው፤ አንዴ የተፈታ የናይለን ዳዶ ተመልሶ አይታሰር። በውስጥ በኩል ከትንሽ ሮንዴላ ይልቅ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ወይም የጋልቫናይዝድ ላሜራ፣ የላይኞቹን ሁለት ብሎኖች አንድ ላይ የሚይዝ፣ ጠርዙ የተሞረደ ያስገቡ። እንጨቱን ከመደቀቅ የሚያድነው ይህ ላሜራ ስለሆነ አይዝለሉት።

ለማሸጊያ ፖሊዩሪታን ነው፤ ሲካፍሌክስ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት። የመስታወትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይሆንም። ንዝረት ላይ ይላጣል፤ የተቀባበት ቦታም ከዚያ በኋላ ቀለምም ኤፖክሲም አይቀበልም።

በመጨረሻ፣ ከመያዣው ስር የካለመዳሪ ቁራጭ አያስገቡ። ለስላሳ ጎማ ንዝረት የሚቀንስ ይመስላል፤ እየተጨመቀ ቪቴውን የሚያላላው ግን እሱ ነው። ጠንካራ ስስ ላሜራ ይሻላል።

ሞተሩን ማውረድ

የነዳጅ ቱቦውን ይንቀሉ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በማፍሰሻው ቪቴ በዕቃ ይቀበሉ፤ ሲጋራና የብየዳ እሳት ሩቅ ይሁን። ባትሪ ካለ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ይፍቱ። የመሪና የጋዝ ገመዶች የተያያዙበትን ቦታ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ይፍቱ። ባለ 15 ከሆነ ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቼን ብሎክ ይጠቀሙ። ሎጊያ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር የሚያወርዱ ጋራዦች ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው።

የወረደውን ሞተር በቆመበት ማስቀመጫ ላይ ይስቀሉት። መሬት ላይ ማጋደም ግድ ከሆነ የሞተሩ ራስ ከእግሩ ዝቅ አይበል፤ እግሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊፈስ ይችላል። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ አምራቹ በፈቀደው ጎን ብቻ ይጋደም፣ ካልሆነ ዘይቱ ይወጣል።

አሮጌውን ሳንቃ ሲነቅሉ ሳይሰብሩ ያውጡት፤ ለአዲሱ መለኪያ የሚሆነው እሱ ነው። የተላቀቀውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግጉ፣ ፋይበር ከሆነ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው። እርጥብ እንጨት ካገኙ ለፀሐይ አያጋልጡት፤ ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥላ ስር ነፋስ እያገኘው ጥቂት ቀን ይቆይ። አዋሽም ሆነ ሰመራ ነፋስ አይታጣም።

መብሳትና ማሸግ

ይህኛው ክፍል ጊዜ ይወስዳል፤ ቢወስድም ይገባዋል። የጀልባውን መካከል ለማግኘት ከአፍንጫው ወደ ኋላ ክር ይወጥሩ፣ ግድግዳው ላይ የሚነካበትን ያስምሩ። ሞተሩ ከዚያ መስመር ወደ ጎን ቢወጣ ጀልባው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስባል። አሮጌውን ሳንቃ በአዲሱ ላይ በሞርሳ አጥብቀው የቀዳዳዎቹን መካከል በፑንታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ሳንቃውን ግድግዳው ላይ አስይዘው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በስስ ፑንታ መጀመሪያ፣ ድሪሉን ቀጥ አድርገው ይብሱ። ከጀርባው የጣውላ ቁራጭ ይደግፉ፤ ፑንታው ሲወጣ ፋይበሩን እንዳይገነጥል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ቀዳዳውን ከብሎኑ በሦስት ወይም በአራት ሚሊ ሜትር አስፍተው ይብሱት፣ በወፈረ ኤፖክሲ ይድፈኑት፣ ሲደርቅ መካከሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ይብሱት። ብሎኑ ከዚያ በኋላ የሚነካው ኤፖክሲ ነው፤ አንድ ቀን ማሸጊያው ቢከዳ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የሳንቃውን የተቆረጡ ጠርዞችም ሁሉ በቀጭን ኤፖክሲ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

እዚህ ላይ ሙቀቱን ይጠንቀቁ። ኤፖክሲ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚሠራበት ጊዜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ቆርቆሮው ላይ በ25 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት የሚል ከሆነ፣ በሰመራ ቀትር ዐሥር ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ብርጭቆ ውስጥ ይጨስና ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይጀምሩ፣ ቆርቆሮዎቹ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ ይደሩ፣ ጥቂት ጥቂት እየለኩ ያዋሕዱ፤ ያዋሐዱትንም ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ሳይሆን ዝርግ ሳህን ላይ ያፍስሱት። ሙቀቱን ለመቋቋም ብለው ግን የኤፖክሲውን ማጠንከሪያ አይቀንሱ፤ መጠኑ ከተዛባ ለዘላለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በፋይበር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ፖሊስተር ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ማጠንከሪያውን ከ2 በመቶ ወደ 1 በመቶ ማውረድ ይቻላል፣ ከዚያ በታች አይኬድም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ሲደርቅ ሳንቃውን በቦታው ያስቀምጡ፣ ሞተሩንም መልሰው ይስቀሉ። ማሸጊያውን ከብሎኑ ራስ ስርና በውጭ በኩል በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ያድርጉ። በውስጥ በኩል፣ ዳዶው ጋ፣ አያሽጉ፤ ውሃ ከገባ የሚወጣበትና የሚታይበት ቦታ ያስፈልጋል። ብሎኖቹን አስገብተው ማሸጊያው ዙሪያውን ብቅ እስኪል ብቻ ያጥብቁና ይተዉት። እስከ መጨረሻው አሁኑኑ ካጠበቁት ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ወጥቶ ደረቅ ብረት በደረቅ እንጨት ላይ ይቀራል።

ፖሊዩሪታን የሚደርቀው በአየሩ ውስጥ ባለው እርጥበት እንጂ በሙቀት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ላይ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለጥፍር የሚገባ ሆኖ ይቆያል። አጠገቡ እርጥብ ጨርቅ ይስቀሉ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ይታገሡ። ከዚያ የብሎኑን ራስ በአንድ ቁልፍ እንዳይዞር ይዘው፣ ዳዶውን ብቻ በሌላው ያጥብቁ። ራሱ ከዞረ የደረቀው ማሸጊያ ይቀደዳል፣ የሦስት ቀን ትዕግሥትም አብሮ ይሄዳል። ላሜራው ወደ እንጨቱ መስመጥ ከጀመረ አልፏል፤ ይቁሙ።

አሉሚኒየም ጀልባ ላይ የማይዝግ ብረት በቀጥታ እንዳይነካ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ላይ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅና አዋሽ የሚያበቃበት የአቤ ሐይቅ ጨዋማና አልካላይን ስለሆኑ ጉዳቱን ያፋጥኑታል፤ እዚያ የዋለ ጀልባ የግድ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በአየር የሚነፋ ጀልባ ላይ ደግሞ ሰሌዳው ከጎማው በተጣበቀበት አካባቢ ምንም አይብሱ። የማጣበቂያው ጠላት ሙቀት ነው፤ ሞተሩን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የከረመ መገጣጠሚያ ከላሜራም ከብሎንም በፊት የሚለቀው እሱ ነው።

የሸራ ጀልባ ከሆነ

አዋሽ ላይ ሸራ የሚዘረጋ አያጋጥምም፤ ላንጋኖ ላይ ወይም ጅቡቲ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ትንሽ የሸራ ጀልባ ያለው ግን ይኖራል። በሸራ ጀልባ ላይ ሞተሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በግድግዳው ላይ ሳይሆን፣ በስፕሪንግ እየታገዘ ከፍና ዝቅ በሚል ብራኬት ላይ ነው። ብራኬቱ ሞተሩን ከግድግዳው አርቆ ስለሚይዘው በላይኞቹ ብሎኖች ላይ ያለው ጉተታ ይበዛል፤ ስለዚህ የውስጡ ላሜራ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ የሚጨመረው የስፕሪንጉን ውጥረት ሞተሩ ሳይኖር አለመፍታት ብቻ ነው። ሞተሩ ከወረደ በኋላ ብራኬቱ በኃይል ሊነሳ ይችላል፤ አስቀድመው በገመድ ይሰሩት፣ ፊትዎንም ከላዩ ያርቁ።

ሙከራ

ብሎኖቹን ካጠበቁ በኋላ በሞተሩ ላይ የደኅንነት ሰንሰለት ወይም ገመድ ይሰሩ፤ አንደኛው ጫፍ በሞተሩ መያዣ ቀለበት፣ ሌላው ከመቀመጫው ውጪ በሆነ ጠንካራ ቦታ። መቀመጫው ቢሰበር ሞተሩ ወንዝ ውስጥ አይቀርም። አግድም ሰሌዳውንም አስቀድመው ከጻፉት ልኬት ጋር ያስተያዩ።

ሙከራው ጎርፍ ሳይመጣ፣ የተኛ ውሃ ላይ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው ይሁን። ቦታ ሲመርጡ አዋሽ ውስጥ አዞ እንዳለ አይርሱ፤ እግርዎን ውሃ ውስጥ ነክረው የሚሠሩት ሥራ አይኑር። ጀልባውን ከዳር ባለ ዛፍ ላይ በረጅም ገመድ አስረው በዝቅተኛ ጋዝ ወደፊት ማርሽ ያስገቡ፤ ሌላ ሰው መዳፉን የውስጥ ላሜራው ላይ ያሳርፍ። ንዝረት ይሰማዋል፤ መንቀሳቀስ ግን ሊሰማው አይገባም። ጋዙን ወደ መካከለኛ ያሳድጉ፣ አንዴ ወደ ኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ የመቆለፊያው ጥርስ ካልያዘ ሞተሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ያንን ዛሬ ማወቅ ይሻላል። ገመዱን ፈትተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱና ተመልሰው ዳዶዎቹን በቁልፍ ይሞክሩ። አዲስ እንጨት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚቀመጥ ሩብ ዙር ያህል ሊቀበል ይችላል። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይመልከቱት።

ለጎርፍ የሚሰማራ ጀልባ ውስጥ የመቀመጫው ብሎን ቁልፍ፣ ባለ 10 ከሆነ 17፣ ባለ 12 ከሆነ 19፣ ከሁለት ትርፍ ዳዶ ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ግቢ ያለ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈበት ቁልፍ ገዋኔ ላይ አይደርስም። ነሐሴ አልፎ ውሃው ሲመለስ ሞተሩ ይውረድና ጥላ ስር ቆሞ ይክረም፤ ጀልባውም ተገልብጦ፣ ኋላው በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጥ።